ሉሲል ቦልን ለማወቅ ከየት መጀመር ይሻላል?

ስለ አንዲት ታዋቂ ተዋናይት ማወቅ ስንፈልግ አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። ስሟን እንፈልጋለን፣ የሕይወት ታሪኳን ከልደት እስከ ሞት እናነባለን፣ ማንን እንዳገባች፣ ስንት ሽልማት እንደወሰደች እናያለን፣ አለቀ። ለሉሲል ቦል ይሄ መንገድ አያዋጣም። ሴትዮዋን ሳናይ ታሪኳን ብቻ ካነበብን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን እንዲያ እንደወደዳት ሳይገባን እንቀራለን።

የኔ ምክር ሌላ ነው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ ያሳቃችሁን ነገር ተመልሳችሁ እዩት። መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ የምትወድቅ፣ የምትንደፋደፍና የምታለቅስ ሴት ትመስላችኋለች። በሁለተኛው ዙር ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ለክታ፣ ደጋግማ ተለማምዳ የምትሠራ ባለሙያ ታያላችሁ። እኔ ስለ እሷ መጻፍ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ቀልዷ ከሰማይ የወረደላት ሳይሆን ጠንክራ የሠራችው ነው።

ለማያውቃት በአጭሩ፦ ሉሲል ቦል በ1911 ተወልዳ በ1989 ያረፈች አሜሪካዊት ተዋናይት ነች። ከ1951 እስከ 1957 በሲቢኤስ ጣቢያ የታየው «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ዋና ተዋናይ ነበረች። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ስድስት ምዕራፍና 180 ክፍሎች አሉት። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከአንደኛው ክፍል አትጀምሩ

ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል መጀመር ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ደህና ናቸው፣ ግን ሰዎቹ ገና እየተሟሟቁ ነው። ደግሞም ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ከመሃል ብትገቡ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሉሲ ሪካርዶ የቤት እመቤት ነች፣ ባሏ ሪኪ ኩባዊ የሙዚቃ ባንድ መሪ ነው፣ ኤተልና ፍሬድ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውም አከራዮቻቸውም ናቸው። ሉሲ ታዋቂ መሆን ትፈልጋለች፣ ሪኪ አይፈልግም። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ መስከረም 15 ቀን 1952 የታየውን «ጆብ ስዊቺንግ» የሚባለውን ክፍል እዩ። ወንዶቹ ቤት ሊይዙ፣ ሴቶቹ ሥራ ሊገቡ ይወራረዳሉ፤ ሉሲና ኤተል ቸኮሌት ፋብሪካ ይቀጠራሉ። ሥራቸው በኮንቬየር ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣውን ቸኮሌት አንድ በአንድ በወረቀት መጠቅለል ነው። አለቃቸው አንድ እንኳን ሳይጠቀለል ካለፈ ትባረራላችሁ ብላቸው ትወጣለች። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይጠቀልላሉ። ከዚያ ይፈጥናል። ያመለጣቸውን ወደ አፋቸው፣ ወደ ቆባቸው፣ ወደ ሸሚዛቸው መክተት ይጀምራሉ። አለቃዋ ተመልሳ ስትመጣ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ ጎበዞች ናችሁ ትልና ማሽኑን የሚነዳውን ሰውዬ ፍጥነቱን ጨምር ትለዋለች።

አንዴ ዝም ብላችሁ ሳቁበት። ከዚያ ይህንኑ ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና እዩት። አሁን ሉሲን ከእጇ ጀምራችሁ ተከታተሏት። እጇ እየፈጠነ ሲሄድ ፊቷ ገና አደጋው አልገባውም፤ ትንሽ ዘግይቶ ዓይኗ ይሰፋል፣ ከዚያ ጉንጯ በቸኮሌት ይሞላል፣ በመጨረሻ አለቃዋ ስትገባ ጉንጯ እንደተነፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በአንድ ጊዜ የሚሆን ነገር የለም። ሁሉም በየተራው ነው የሚመጣው፤ ሳቁም ደረጃ በደረጃ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው። አጠገቧ ያለችውን ቪቪያን ቫንስንም፣ ማለትም ኤተልን፣ ልብ በሉ። ሉሲል ቦል ያለ ቪቪያን ቫንስ ግማሽ ነች ብዬ ነው የማምነው፤ ቪቪያን መቼ መቅደም፣ መቼ ወደኋላ ማለት እንዳለባት ጥንቅቅ አድርጋ ታውቃለች።

ሁለተኛው ግንቦት 5 ቀን 1952 የታየው የቴሌቪዥን ማስታወቂያው ክፍል ነው። ሉሲ ባሏ ሳያውቅ አንድ ጉልበት ይሰጣል የሚባል መድኃኒት ልታስተዋውቅ ትገባለች፤ ስሙ ቪታሚታቬጋሚን ነው። ለልምምድ ያንኑ ንግግር ደጋግማ መናገር፣ በየጊዜው አንድ ማንኪያ መቅመስ አለባት። መድኃኒቱ 23 በመቶ አልኮል አለበት፣ እሷ ግን አታውቅም። እዚህ የምታደርጉት ነገር ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ንግግሯንና የመጨረሻውን አከታትላችሁ እዩ። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ምላሷ፣ አቋቋሟና ማንኪያውን አያያዟ ነው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ከሁለተኛው ማንኪያ በኋላ መንገዳገድ ይጀምር ነበር። እሷ አትቸኩልም። መጀመሪያ ጣዕሙ አስጠልቷት ፊቷን ላለማጨማደድ ትታገላለች፣ ቆይቶ ጣዕሙ ይስማማታል፣ ቆይቶ ደግሞ በጣም ይስማማታል። ስካሩ መቼ እንደጀመራት በትክክል ለመለየት ሞክሩ፤ ያስቸግራል።

እነዚህን ሁለቱን ከወደዳችሁ ሦስት ልጨምርላችሁ። በ1955 የፊልም ተዋናዩ ዊልያም ሆልደን የተጋበዘበትን፣ ሉሲ ሰው ሠራሽ አፍንጫ ለጥፋ የምትቀርብበትንና አፍንጫው በእሳት የሚያያዝበትን ክፍል እዩ። በ1956 ጣሊያን ውስጥ በርሜል ገብታ ወይን የምትረግጥበትን እዩ። በ1957 ደግሞ ሸሚዟ ውስጥ እንቁላል ደብቃ ከባሏ ጋር ታንጎ የምትጨፍርበት አለ፤ በዚያ ክፍል የተሰማው ሳቅ 65 ሰከንድ የፈጀ፣ ከተከታታዩ ሁሉ ረጅሙ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ላይ ሉሲን አይታችሁ ስትጨርሱ ፊቷን ብቻ ለማየት መለስ በሉ። እንቁላሎቹ ከፈነዱ በኋላ ምንም አትናገርም። ቆማ ትጠብቃለች። ተመልካቹ እስኪበቃው የመጠበቅ ትዕግሥት ብዙ ኮሜዲያን የሌላቸው ነገር ነው።

አሁን የሕይወት ታሪኳን አንብቡ፣ ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «አይ ላቭ ሉሲ» ሲጀመር ሉሲል ቦል 40 ዓመቷ ነበር። እስከዚያ የት ነበረች?

የተወለደችው በኒው ዮርክ ግዛት ጄምስታውን በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ በ1915 በታይፎይድ ሲሞት እሷ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ያደገችው እዚያው አቅራቢያ ባለችው ሴሎሮን፣ በአብዛኛው ከአያቶቿ ጋር ነው። የመድረክ ትርኢት ፍቅር ያሳደሩባት አያቷ ናቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ኒው ዮርክ ከተማ የድራማ ትምህርት ቤት ገባች፤ የትምህርት ቤቱ ኮከብ ተማሪ በኋላ የፊልም ኮከብ የሆነችው ቤቲ ዴቪስ ነበረች፣ ሉሲል ግን አፍራ አንገቷን ደፍታ ነው የተመለሰችው፤ እናቷ ገንዘቧን እያባከነች እንደሆነ ተነግሯት ነበር። ከዚያ ሞዴል ሆነች። በ1933 ለአንድ የሙዚቃ ፊልም አጃቢ ሆና ሆሊውድ ሄደች፣ በዚያው ቀረች።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ወደ ሃያ የሚጠጉ ዓመታት ብዙ ጽሑፎች በሁለት መስመር ይዘሏቸዋል። እናንተ አትዝለሉ። አርኬኦ ስቱዲዮ ውስጥ በትናንሽ ሚናዎች ሠራች፣ ቀስ በቀስ አደገች፣ በዝቅተኛ በጀት በሚሠሩ ፊልሞች መሪ ተዋናይት ስለሆነች የእነዚያ ፊልሞች ንግሥት ይሏት ጀመር። በ1940ዎቹ ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ ሲወስዳት ፀጉሯን ቀይ ቀቡት፤ ያ ቀይ ፀጉር ዕድሜ ልኳን መለያዋ ሆነ። ቆንጆ ነች፣ መጫወት ትችላለች፣ ሥራ አታጣም፤ ግን ኮከብ አልሆነችም። ስቱዲዮዎቹ ምን እንደሚያደርጓት አላወቁም። እሷ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሁሉንም ተማረች፤ መብራት፣ ካሜራ፣ መውደቅ፣ በጥፊ መመታት፣ ዕቃ ይዞ መሥራት።

የመጨረሻው ትምህርቷ ሬዲዮ ነው። ከ1948 እስከ 1951 «ማይ ፌቨሪት ሀዝባንድ» በሚባል የሲቢኤስ የሬዲዮ ኮሜዲ ሠርታለች፤ ቀረጻው ሕዝብ ፊት ነበር። የተመልካችን ሳቅ መስማት፣ መጠበቅ፣ መመለስ የለመደችው እዚያ ነው። የ«አይ ላቭ ሉሲ» ጸሐፊዎች ጄስ ኦፐንሃይመር፣ ማደሊን ፑና ቦብ ካሮልም ከዚያው የመጡ ናቸው። የሬዲዮው ቅጂዎች ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ አንዱን አዳምጡ። ድምፅዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግበትን መንገድ፣ ነገር ሲበላሽባት የምታሰማውን የለቅሶ ድምፅ ሳይቀር ትለዩታላችሁ።

ዴዚ አርናዝን አትለፉት

ብዙ ሰው ሪኪን ሆኖ የተጫወተውን ዴዚን እንደ ሉሲል ባል ብቻ ነው የሚቆጥረው። ትልቅ ስህተት ነው። ኩባ ውስጥ የተወለደ ሙዚቀኛ ነው፣ ከእሷ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ በ1940 ፊልም ላይ ተዋወቁ፣ በዚያው ዓመት ተጋቡ። እሱ ከባንዱ ጋር መንገድ ላይ፣ እሷ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነው ትዳሩ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ሲቢኤስ የሬዲዮውን ፕሮግራም ወደ ቴሌቪዥን እናምጣው ሲላት ባሌ ሆኖ የሚጫወተው ባሌ ካልሆነ አልሠራም አለች። ጣቢያው ተመልካቹ እንግሊዝኛው ኩባዊ ቅላጼ ያለው ባል አይቀበልም ብሎ ፈራ። ሁለቱ ተከራክረው ጊዜ አላባከኑም፤ በ1950 ትርኢታቸውን ይዘው ከተማ ለከተማ ዞሩ፣ ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ነገሩ አበቃ።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ለኔ ከቀልዱ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። በዚያ ዘመን ትልልቅ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከኒው ዮርክ በቀጥታ ነበር የሚተላለፉት። በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ያለው ተመልካች የሚያየው ከቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ተቀርጾ የተላከ ደብዛዛ ቅጂ ነው። ሉሲልና ዴዚ ካሊፎርኒያን መልቀቅ አልፈለጉም፤ ስለዚህ በሦስት የፊልም ካሜራ፣ ሕዝብ ፊት እንቀርጸዋለን አሉ። ወጪው ይበዛል ተባሉ። በሳምንት ከክፍያቸው 1,000 ዶላር ይቀነስብን፣ በምላሹ የፊልሙ ባለቤትነት የኛ ይሁን አሉ። ጣቢያው ተስማማ። የታየ ፕሮግራም ተመልሶ ይታያል ብሎ ማንም በማያስብበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ፊልሙ ስለተቀመጠ ነው እኛም ዛሬ ጥርት አድርገን የምናየው።

አሁን ወደ ቸኮሌቱ ክፍል ተመለሱ፤ ይህን አውቃችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ይታያችኋል። መብራቱን እዩ። ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ለእያንዳንዱ መብራት ማስተካከል አይቻልም፤ መፍትሔውን ያመጣው ጀርመን ውስጥ ትልልቅ ፊልሞችን የቀረጸው ካርል ፍሮይንድ ነው፣ መብራቱን አብዛኛውን ከላይ ሰቅሎ መድረኩን በእኩል አበራው። ሳቁን ስሙ፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሳቅ ነው። ሉሲ ጣጣ ውስጥ ልትገባ ስትል ከተመልካቹ መሃል «ኧ-ኦ» የምትል ሴት አንዳንዴ ትሰማለች፤ እናቷ እንደሆነች ይነገራል፣ ቀረጻ ላይ ትገኝ ነበርና። ይህን ድምፅ አንዴ ከለያችሁት በየክፍሉ ትፈልጉታላችሁ።

ሕይወቷና ትዕይንቱ የተገጣጠሙበትን ቦታ ፈልጉ

በ1952 ሉሲል ሁለተኛ ልጇን አረገዘች። ያኔ ነፍሰ ጡር ሴትን በቴሌቪዥን ማሳየት ነውር ነበር። እነሱ ግን እርግዝናውን ወደ ታሪኩ አስገቡት። ስክሪፕቱን አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ ፓስተርና አንድ የአይሁድ ረቢ እንዲያዩት ተደረገ፤ እርጉዝ የሚለው ቃል ግን አልተፈቀደም። ታኅሣሥ 8 ቀን 1952 የታየውን ክፍል እዩ። ሉሲ ለባሏ ልትነግረው ትሞክራለች፣ አይመቻትም፤ በመጨረሻ እሱ በሚሠራበት ክለብ ሄዳ ለመድረኩ ወረቀት ትልካለች። እሱ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ እየዘፈነ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል፣ እሷ ጋ ሲደርስ ይገባዋል። እዚያ ላይ የሚያለቅሱት ሁለት ተዋንያን አይደሉም፤ ባልና ሚስት ናቸው። ሌላ ቀረጻ ይደረግ ተብሎ ነበር፣ የቀረው ግን ይሄው እንባ ያለበት ነው። በደንብ የተሠራ ኮሜዲ ማስለቀስም እንደሚችል ማየት የፈለገ እዚህ ያገኘዋል።

ጥር 19 ቀን 1953 የመውለጃው ክፍል ታየ፤ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነው፣ ሉሲል ልጇን የወለደችው ግን በዚያኑ ዕለት ነበር። ወደ 44 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግስቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ነበር፤ ያን ያየው ሰው ከዚህ ያነሰ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ በ1936 በኮሚኒስትነት ተመዝግባ ነበር ተብሎ ወሬው ወጣ። ጊዜው እንዲህ ዓይነት ወሬ እንጀራ የሚያሳጣበት ጊዜ ነበር። እሷ ለምርመራ ኮሚቴው ያስረዳችው አያቷን ለማስደሰት ብላ እንደተመዘገበች ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው ቀረጻ ዴዚ ቀድሞ ወጥቶ ለተመልካቹ ነገሩን ነገራቸው፤ ተነሥተው አጨበጨቡላት። በዚያ ሰሞን የተቀረጹትን ክፍሎች ስታዩ ሴትዮዋ ምን ተሸክማ እንደምትጫወት አስቡ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሪኪና ሉሲ ዴዚና ሉሲል አይደሉም። የእውነተኛው ትዳር ጭቅጭቅ፣ መጠጥና ሌላ ሴት ነበረበት። የግማሽ ሰዓቱ ተከታታይ ካለቀ በኋላ እስከ 1960 ድረስ 13 የአንድ ሰዓት ልዩ ክፍሎች ሠርተዋል፤ የመጨረሻው ተቀርጾ ባለቀ ማግስት ሉሲል የፍቺ ማመልከቻ አስገባች። የክፍሉ መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ። ይህን ክፍል ሌሎቹን ሳትጠግቡ አትዩት፤ ያሳዝናል።

ከሉሲ በኋላ ያለችውን ሉሲል

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ዋናውን ግማሽ ያጣል። ሁለቱ ያቋቋሙት ዴዚሉ የተባለው ኩባንያ በ1957 የአርኬኦን ስቱዲዮ ገዝቶ ነበር፤ አዎ፣ እሷ በትናንሽ ሚና የጀመረችበትን ስቱዲዮ። በ1962 የዴዚን ድርሻ ገዝታ ኩባንያውን ብቻዋን መምራት ጀመረች። ሴት የአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ኃላፊ ስትሆን እሷ የመጀመሪያዋ ነች። «ስታር ትሬክ» እና «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተባሉት ተከታታዮች በ1966 የወጡት ከዚያ ኩባንያ ነው፤ ወጪው ያስፈራቸው የራሷ ሰዎች ሲቃወሙ ደግፋ ያሳለፈችው እሷ ነች። በ1967 ኩባንያውን ሸጠች።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቿ ውስጥ «ዘ ሉሲ ሾው»ን ምረጡ፣ በተለይ ቪቪያን ቫንስ ያለችባቸውን የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች። በ1963 ሁለቱ ሻወር ሲገጥሙ መታጠቢያው ውስጥ ውሃ የሚሞላባቸው ክፍል አለ፤ ሉሲል በቀረጻው ላይ ልትሰምጥ ደርሳ ቪቪያን እየተጫወተች ጎትታ እንዳወጣቻት ራሷ ተናግራለች። ይህን አውቃችሁ እዩት፣ ታሪኩ ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ለዚህ ተከታታይ በ1967 እና በ1968 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዳለች። ቀጥሎ ከሁለት ልጆቿ ጋር የሠራችው «ሂርስ ሉሲ» እስከ 1974 ዘልቋል፤ በ1972 በበረዶ ላይ ስትንሸራተት እግሯ ሲሰበር ስብራቱን ወደ ታሪኩ አስገብተው በጀሶ ቀጠለች። በ1986 የሠራችው የመጨረሻው ተከታታይ ቶሎ ተቋርጧል፤ ጊዜያችሁን አታጥፉበት። ይልቅ በ1985 ቤት አልባ አሮጊት ሆና የተጫወተችበትን የቴሌቪዥን ፊልም ፈልጉ፤ ሳቅ የለውም፣ ያ ፊት ሳያስቅ ምን እንደሚችል ታያላችሁ።

ቅጂ ስትመርጡ ቀለም የተቀባውን ትታችሁ ጥቁርና ነጩን ውሰዱ። ፊቷ ላይ ያለው ነገር በዚያ ይበልጥ ይነበባል፣ መብራቱም ለዚያ የተሠራ ነው። ንባብ ላይ ደግሞ ከሌሎች ጽሑፎች በፊት «ላቭ ሉሲ» የተባለውን የራሷን መጽሐፍ አስቀድሙ፤ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1996 ነው፣ ግን የሚያበቃው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ የስቱዲዮ ኃላፊነቷን ዘመን ሙሉውን አታገኙበትም። ለዚያ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በቴሌቪዥን የሰጠቻቸውን ቃለ መጠይቆች አድምጡ። ሉሲል ቦል እንዲህ አለች እየተባለ በፎቶ ላይ ተጽፎ የሚዞረውን ጥቅስ ሁሉ ግን አትመኑ፤ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረችው ካልተጻፈ እለፉት።